አንጀት በካንሰር ተዘግቶ ቀዶ ሕክምና ካልሆነ፣ የአንጀት ፈሳሽ የሚያደርቀው መድኃኒት ኦክትሪዮታይድም ከሌለ፣ ማስመለሱን በምን እንያዘው?

ሲስተር_ዋርድ3
ሰላም ባልደረቦች። የ52 ዓመት እናት ናቸው፤ የኦቫሪ ካንሰር በሆድ ዕቃቸው ተሠራጭቷል። 4 ቀን ሆነ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣላቸውም። በቀን 5 እና 6 ጊዜ አረንጓዴ ያስመልሳቸዋል፣ ቁርጠቱ እየመጣ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪሞች ሲቲውን አይተው ከአንድ ቦታ በላይ ስለተዘጋና የሆድ ውሃም ስለበዛ አንከፍትም ብለዋል። ባለ 16 ፍሬንች የአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ትናንት 1.8 ሊትር ወጣ። አሁን የሚሰጣቸው ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚ.ግ በቀን 3 ጊዜ በደም ሥር፣ የሚጠጣ ሞርፊን 10 ሚ.ግ በየ4 ሰዓቱ፣ ማታ ቢሳኮዲል። ኦክትሪዮታይድ የለንም። ቤተሰቡ ወደ ቤት እንውሰዳቸው እያለ ነው። ምን እናስተካክል?

ማስታገሻ_ሐኪም
ሲስተር፣ አዲስ ነገር ከመጨመር በፊት ሁለቱ ዛሬውኑ ይቁሙ፦ ሜቶክሎፕራማይድና ቢሳኮዲል። ሁለቱም አንጀትን ወደ ታች ይገፋሉ። መውጫው ሲዘጋ ግፊቱ ቁርጠት ነው የሚሆነው፣ ሲብስም አንጀት ሊበሳ ይችላል። ሜቶክሎፕራማይድ የሚጠቅመው መዘጋቱ በከፊል ሲሆን፣ ጋዝ እየወጣና ቁርጠት ሳይኖር ነው። እኚህ እናት እዚያ ውስጥ አይደሉም።

በምትኩ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ (ቡስኮፓን) 20 ሚ.ግ ከቆዳ ሥር በየ6 ሰዓቱ፤ በ12፣ በ6፣ በ12፣ በ6 ብላችሁ ሰዓቱን ብትይዙት ለቤተሰብም አይጠፋም። በቀን 80 ሚ.ግ ነው፣ ካልበቃ ወደ 120 ይወጣል። ቁርጠቱንም ይይዛል፣ አንጀት የሚያመነጨውንም ፈሳሽ ያደርቃል። ለማቅለሽለሹ ሃሎፔሪዶል 1.5 ሚ.ግ ማታ፣ ካላቆመ ጠዋትም ይጨመር። ባለ 5 ሚ.ግ በሚሊ ሊትር አምፑል ከሆነ 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቅዱት። ሰውነት መገታተር ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል ከታየ መጠኑ ይቀነስ።

ዴክሳሜታዞን 8 ሚ.ግ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። ማታ ከተሰጠ እንቅልፍ ይነሳል። ዓላማው በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ማሳነስ ነው፤ አንዳንዴ መተላለፊያው ትንሽ ይከፈታል። የሙከራው ጊዜ 5 ቀን ነው። ጋዝ ከወጣ ወይም ማስመለሱ ከቀነሰ መጠኑ እየወረደ ይቀጥላል፣ ምንም ካልተለወጠ ይቁም። ያለ ጥቅም ሳምንታት ሲሰጥ በየቦታው እናያለን፣ ትርፉ ስኳርና የአፍ ፈንገስ ነው።

የሚጠጣው ሞርፊን ደግሞ ግማሹ በቱቦው እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። በቀን 60 ሚ.ግ በአፍ ማለት ከቆዳ ሥር 30 ሚ.ግ ነው፣ ማለትም በየ4 ሰዓቱ 5። ነገር ግን እስካሁን ምን ያህሉ ወደ ደም እንደገባ ስለማይታወቅ በ3 ጀምሩና ነገ በሕመማቸው ልክ ጨምሩ።

ፋርማሲ_ቤት
ዶክተር ባሉት ላይ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሃዮሲን ሁለት ዓይነት ነው። ሃይድሮብሮማይድ የሚለው ወደ አንጎል ይገባል፣ ያደነዝዛል፣ ያቃዣል። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ አምፑሉ ላይ «ቡቲል» የሚለውን ሳታነቡ አትቅዱ።

ሁለተኛ፣ ዴክሳሜታዞንና ሃሎፔሪዶል በአንድ ሲሪንጅ አይደባለቁ፣ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። ሳይክሊዚን (ሌላ የማስመለስ መድኃኒት) እና ቡስኮፓንም እንደዚያው። ዴክሳሜታዞንን ሁልጊዜ ለብቻው ስጡ።

ሦስተኛ፣ ኦክትሪዮታይድ ስለሌለ ሕክምና የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውስትራሊያ የወጣው ጥናት በ24 ሰዓት 600 ማይክሮግራም ኦክትሪዮታይድን ከባዶ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ፣ ሳያስመልሱ ባለፉ ቀናት ብዛት ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ወገን ዴክሳሜታዞን፣ ራኒቲዲንና ፈሳሽ ያገኙ ነበር። ከዚያ በፊት የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶች ግን ኦክትሪዮታይድ ከቡስኮፓን ቀድሞ ፈሳሹን እንደሚያደርቅ አሳይተዋል። እጅ ላይ ካለ በቀን ከ300 እስከ 600 ማይክሮግራም ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ላም ሸጦ እንዲገዛው ግን አልመክርም። የጨጓራ ፈሳሽ መቀነሻ አትርሱ፤ ኦሜፕራዞል 40 ሚ.ግ በደም ሥር በቀን አንዴ።

የቤት_ለቤት_ነርስ
ሲሪንጅ ፓምፕ ከሌላችሁ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ በተርፍላይ መርፌ (ክንፍ ያለው ቀጭን መርፌ) ይበቃል፣ ባለ 23 ወይም 25 ጌጅ። ሆዳቸው ውሃ ስላለበት እዚያ አትውጉ፤ የክንድ የላይኛው ክፍል ወይም ከጡት በላይ ያለው ደረት ይሻላል። ቆዳውን ቆንጥጣችሁ በ45 ዲግሪ አስገቡ፣ በሚያሳይ ፕላስተር ሸፍኑት። ከእያንዳንዱ መድኃኒት በኋላ 0.5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ግፉ፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከደደረ ቦታ ቀይሩ። ለልጃቸው ወይም ለባለቤታቸው ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃቸው አሠሯቸው።

ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ግሉኮስ» ነው። በቀን 1 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ከ2 ሊትር ሲያልፍ አንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ማስመለሱም የሆድ ውሃውም ይብሳል። ደም ሥር ከጠፋ ኖርማል ሳላይን ከቆዳ ሥር ይሄዳል፤ 1 ሊትር በ12 ሰዓት ሌሊት፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን የፈሳሽ ማስተላለፊያ ቱቦ በደቂቃ 28 ጠብታ ገደማ። ባለ 40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ ከቆዳ ሥር ፈጽሞ አይገባም።

ደግሞ ተልባ! ሰገራ እምቢ ሲል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው። ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በተዘጋ አንጀት ላይ ሌላ ቡሽ መጨመር ነው። ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። መቅመስ ከፈለጉ የተጠለለ ሾርባ፣ ቀጭን አጥሚት፣ ሻይ በማንኪያ በማንኪያ። «ብሉ እንጂ» ብሎ መወትወት ይቅር። ቡስኮፓን አፍ ያደርቃል፤ ያንን ጥም ግሉኮስ አያረካውም። በእርጥብ ጎዝ በየ2 ሰዓቱ አፋቸውን ማርጠብ፣ ከንፈር ቫዝሊን መቀባት፣ ከተገኘ ትንሽ በረዶ ማስመጥ ነው።

ቀዶ_ሐኪም
ለዚህች ታካሚ አለመክፈቱ ትክክል ይመስላል። ግን ይህን ውይይት ለሚያነብ ሁሉ፦ «ካንሰር አለበት» ማለት «የዘጋው ካንሰሩ ነው» ማለት አይደለም። ቀደም ሲል የተከፈተ ሆድ በጠባሳ መጣበቅ ሊዘጋ ይችላል። ጣት አስገብታችሁ ፊንጢጣን ሳትመረምሩ አትወስኑ፤ ሞርፊን የሚወስድ ሰው በደረቀ ሰገራ ይዘጋል። ፖታሲየምም ይታይ። ቁርጠቱ ወደማያቋርጥ ሕመም ከተለወጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ እንደ እንጨት ከደረቀ አንጀቱ ደም አጥቷል ወይም ተበስቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል እንደገና ጥሩን። ባንከፍት እንኳ የማስታገሻው ዕቅድ ይለወጣል።

ሲስተር_ዋርድ3
እግዜር ይስጥልን። ሜቶክሎፕራማይዱንና ቢሳኮዲሉን አቁመናል። ፊንጢጣው ባዶ ነው፣ ፖታሲየም 3.6። የቀረኝ ቱቦው ነው፤ ይዘውት ይሂዱ ወይስ ይውጣ?

ማስታገሻ_ሐኪም
እስኪወጣ ድረስ በስበት ይፍሰስ፤ የሽንት ከረጢት አያይዛችሁ ከአልጋው በታች አንጠልጥሉት። በመድኃኒቱ የሚወጣው በቀን ከ1 ሊትር በታች ሲወርድ ቱቦውን ለ12 ሰዓት ቆንጥጣችሁ ዝጉት። ካላቅለሸለሻቸው አውጡት። የአፍንጫ ቱቦ ለጥቂት ቀን እንጂ ለሳምንታት አይሆንም፤ አፍንጫ ያቆስላል፣ ጉሮሮ ያሳምማል፣ ማሳልም ይከብዳል።

ከወጣ በኋላ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሊያስመልሳቸው ይችላል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ከቱቦው ይልቅ ያንን ይመርጣሉ፣ በተለይ ማቅለሽለሹ በመካከል ከጠፋ። ምርጫው ግን የእሳቸው ስለሆነ እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቋቸው፣ ልጆቻቸውን ብቻ አይደለም። ፈሳሹ ከ1 ሊትር በታች እምቢ ካለ ቡስኮፓኑን ወደ 120 አውጡና ሁለት ቀን ጠብቁ። ያም ካልሠራ በሆድ ግድግዳ ወደ ጨጓራ የሚገባ ማስተንፈሻ ቱቦ ይቻል እንደሆነ ቀዶ ሐኪሙን አማክሩ፤ ብዙ የሆድ ውሃ ስላላቸው መጀመሪያ እሱ መቀዳት አለበት።

ሲስተር_ዋርድ3
ዛሬ ጠዋት 900 ሚሊ ሊትር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እንቆነጥጠዋለን።