«ቢያንስ» ስላለ ≥ ጻፍኩ፤ መልሱ ለምን ተሳሳተ?

ተማሪዋ፦
8ኛ ክፍል ሊኒየር ያለእኩልነት ላይ ነን። የቃላት ፕሮብሌሙ እንዲህ ይላል፦ «በእጅ 500 ብር አለ። በየቀኑ 35 ብር ለታክሲ ይወጣል። ቢያንስ 120 ብር ሳይነካ መቅረት አለበት። ብሩ ቢበዛ ለስንት ቀን ይበቃል?» የቀኑን ብዛት ቀ ብዬ 500 − 35ቀ ≥ 120 ጻፍኩ። ቀ ≥ 10.86 መጣልኝ፤ 11 ቀን አልኩ። መልሱ ግን 10 ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ 1፦
አጻጻፍሽ ልክ ነው፤ የሳትሽው ስታካፍዪ ነው። ከሁለቱም ወገን 500 ሲቀነስ −35ቀ ≥ −380 ይሆናል። በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ቀ ≤ 10.86 ገደማ ነው። ለምን ቢባል፣ 2 ከ5 ያንሳል፤ ሁለቱንም በ−1 አባዢና እዪው፦ −2 ከ−5 ይበልጣል።

መገልበጡን እየረሳሽ ከተቸገርሽ «35ቀ» የሚለውን ወደ ቀኝ፣ 120ን ወደ ግራ አሻግሪ፦ 380 ≥ 35ቀ። አሁን የምታካፍዪው በፖዘቲቭ 35 ስለሆነ ምልክቱ አይነካም። ከዚያ ወደ ጥያቄው ተመለሺና ሞክሪው፦ በ10 ቀን 350 ብር ወጥቶ 150 ይቀራል። በ11 ቀን 385 ወጥቶ የሚቀረው 115 ነው፤ ከ120 አነሰ።

መልስ 2፦
ምልክት መገልበጡ በልምምድ ይመጣል። ብዙ ነጥብ የሚበላው ግን አማርኛው ነው። «ከ50 ያነሰ» < ነው፤ «ከ50 ያላነሰ» ደግሞ ≥። ልዩነቱ አንዲት «ላ» ናት፤ በችኮላ ያነበበ ያልፋታል። «ቢያንስ» ውስጥም ማነስ ስላለ < የሚጽፉ አሉ፤ እሱም ≥ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው «በ» እና «ከ» ነው። «ከአንድ ቁጥር እጥፍ በ3 ያነሰ» ሲል መቀነስ ነው፦ 2ቀ − 3፤ ያለእኩልነት የለበትም። «የአንድ ቁጥር እጥፍ ከ3 ያነሰ ነው» ካለ ግን 2ቀ < 3። «ያነሰ» ሲል ከቁጥሩ ፊት «በ» ካየሽ ቀንሺ፣ «ከ» ብቻ ካየሽ አወዳድሪ።

ተማሪዋ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን 10.86 ሲጠጋጋ 11 አይደለም እንዴ? ሁልጊዜ ወደ ታች ነው ማለት ነው?

መልስ 1፦
አይደለም፤ የተለመደውን ማጠጋጋት እዚህ እርሺው። የሚወስነው ቀ በግራ ሆኖ መጨረሻ ላይ የቆመው ምልክት ነው። ≤ ከሆነ ወደ ታች፣ ≥ ከሆነ ወደ ላይ። በሳምንት 75 ብር እየተቆጠበ ቢያንስ 1000 ብር ለማግኘት 75ቀ ≥ 1000፣ ቀ ≥ 13.33 ይመጣል። 13 ብትዪ 975 ብር ብቻ ነው፤ መልሱ 14 ሳምንት። ይህ ሁሉ ግን የሚጠየቀው በሙሉ ቁጥር የሚቆጠር ነገር ሲሆን ነው፦ ቀን፣ ሰው፣ ከረጢት። ኪሎ ወይም ሊትር ከሆነ 10.86 እንዳለ ይቀመጣል።