አክተሩን ገድለነዋል፤ ሰዉ ግን ክፍል ሁለት አምጡ ይላል

የደብረ ሲናው፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን። አምና ከአራት ጓደኞቼ ጋር አንድ ፊልም ሠራን፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ስሙን አልጠራውም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ካሜራው ሰርግ ከሚቀርጽ ልጅ የተዋስነው ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ስላለበት እኛ የምንቀርጸው በሥራ ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ነበር።

ታሪኩ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። ድሮ ወታደር ነበርኩ ይላል። በየማታው ለአንድ ሊስትሮ ልጅ የጦር ሜዳ ገድሉን ያወራለታል። ግማሹ ውሸት እንደሆነ ልጁም ያውቃል፣ ግን ደስ ስለሚለው ይሰማዋል። ሰዉ ሲስቅ ሲስቅ ይቆይና መጨረሻ ላይ ዘበኛው እዚያው በሩ ላይ፣ ባናውን እንደተከናነበ በብርድ ሞቶ ይገኛል።

አዳራሽ ተከራይተን ሦስት እሁድ አሳየን። እናቶች አለቀሱ። እሰየው፣ ተሳካልን አልን። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ላይ መሄድ አልቻልኩም። ባለሱቁ «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ይላል። የባጃጅ ሾፌሩም ያንኑ። «ሞቷል እኮ!» እላቸዋለሁ። ባለፈው ጫማዬን የሚጠርግልኝ ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ የናንተ ችግር ነው።»

በዚያ ላይ እኔ ራሴ የክፍል ሁለት ነገር ልክፍት አለብኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ መንገድ ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቆሎ ትሸጥ ነበር። አብሬያት ስሮጥ ውዬ ሃምሳ ሳንቲም ትሰጠኛለች፤ ሃምሳዋ በቀጥታ ቪዲዮ ቤት። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ ቤት ነበር። ባለቤቱ ካሴት የሚያስመጣው በአውቶቡስ ረዳት በኩል ነው። አዲስ አበባ የተገኘው ይመጣል። ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም። ራምቦን ከሦስት ነው የጀመርኩት። ተርሚኔተርን ደግሞ ከሁለት።

እንግዲህ አስቡት። በሁለተኛው አርኖልድ ልጁን የሚጠብቅ ሮቦት ነው። መጨረሻ ላይ የቀለጠው ብረት ውስጥ ሲገባ አውራ ጣቱን ያነሣል። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከወር በኋላ አንደኛው መጣ ተባለ። ግጥም አልን። አርኖልድ ብቅ ሲል ፉጨቱ ጣሪያ ሊነቅል! ሰውየው ግን ቀጥታ ከስልክ ማውጫ ስም እየፈለገ ሴት መግደል ጀመረ። ጸጥ አልን። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ተነሥቶ «ይሄ እሱ አይደለም! መንታ ወንድሙ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም አመንነው። እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ መንታ እንዳለው ነበር የማውቀው።

በኋላ ነው የገባኝ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን በ1984 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) ያስፈራንን ፊት በ1991 ጠባቂ አድርጎ አመጣው። ሰውየው ያው ነው፣ ሥራው ግን ተገለበጠ። እንደዚያ ያለ ክፍል ሁለት ነው የምመኘው።

የኛ ሰውዬ ግን ሞቷል። አልሞተም ነበር ልበል? መንታ ላምጣ? ወይስ አርፌ ልቀመጥ?


መንዜው፦

አርፈህ ተቀመጥ።

የምሬን ነው። ጠላው አንዴ ተጠልሏል። ውኃ ጨምረህ የምታወጣው ቅራሪ ነው የሚሆነው። ሆም አሎንን እይ፤ ቤት ብቻውን የቀረ ልጅ ሌቦችን በወጥመድ የሚያሳድድበትን። ሁለቱን ያ ማካውሌ ከልኪን የሚባል ልጅ ሠራቸው። በ1997 ሦስተኛውን ሌላ ልጅ፣ ሌላ ሌቦች፣ ሌላ ቤት አድርገው አመጡት። ወጥመዱ ያው ወጥመድ ነው፤ መውደቁም ያው መውደቅ። እኔ በበኩሌ ግማሹ ላይ አጥፍቼው ወጣሁ። ለካ የምወደው ወጥመዱን አልነበረም፣ ልጁን ነበር።

ራምቦንም ካነሣህ አንድ ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያው የ1982ቱ ፊልም በመጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ ነው የተሠራው፤ መጽሐፉ ላይ ራምቦ ይሞታል። ሲቀርጹትም የሚሞትበትን መጨረሻ ቀርጸውት ነበር። ለሙከራ ሲያሳዩት ተመልካቹ አልወደደውም። ስለዚህ በሕይወት አስወጡት። ያቺ ሲን ባትቀየር አንተ ደብረ ሲና ላይ ሦስተኛውን ከየት ታገኘው ነበር? ልዩነቱ እነሱ ያዳኑት ገና ፊልሙ ሳይወጣ ነው። እናንተ ሦስት እሁድ ሙሉ ቀብራችሁታል። ሰዉ እርሙን አውጥቷል። አሁን አልሞተም ብትል በጻድቃኔ እልሃለሁ፣ የአዳራሹን ወንበር ነው የሚወረውሩብህ።


የሮቢቷ፦

መንዜው፣ ቅራሪም እኮ ጠጪ አለው 😄 እኛ ቆላ ያለነው ሲጠማን አንመርጥም።

የደብረ ሲናው፣ አንተ የምትፈልገው ፊልም ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ነው። አትሳቅ። ወንድሞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሳይሉ ስላሳዩኝ በቃሌ ነው የማውቀው።

በ2001 ሲጀመር ምን ነበር? የሰፈር የመኪና እሽቅድምድም፣ ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚሰርቁ ልጆች። በ2006 ሦስተኛውን ቶኪዮ ወሰዱት። ከድሮዎቹ ሰዎች ማንም የለም፣ ዋናው አክተር ቪን ዲዝል ብቻ መጨረሻ ላይ ለአንድ አፍታ ብቅ ይላል። አለቀለት የተባለው ያኔ ነው። እዚያ ፊልም ላይ ግን ሃን የሚባል አንድ ልጅ ነበረ። ዝም ብሎ የሆነ ነገር እየቆረጠመ የሚያይ፣ ብዙ የማያወራ። ፊልሙ ላይ መኪናው ተቃጥሎ ሞተ። ሰዉ ግን ወዶታል። የናንተን ዘበኛ በለው።

ታዲያ ምን አደረጉ? አላስነሡትም። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ከቶኪዮው በፊት የሆነ ታሪክ አደረጓቸው። ከ2009 እስከ 2013 ድረስ ሃን እየሳቀ፣ እየነዳ፣ ፍቅር ይዞት እናየዋለን። እንደሚሞት ደግሞ እናውቃለን። ወደ ቶኪዮ እሄዳለሁ ባለ ቁጥር እኔ ሆዴ ይላወሳል። ይሄ ነው የሚገርመኝ። መጨረሻውን ማወቃችን ፊልሙን አላበላሸውም፤ እንዲያውም ሰውየውን ይበልጥ አሳሳን።

በዚያ ላይ አምስተኛው ላይ ፊልሙ ራሱ ተቀየረ። እሽቅድምድሙን ወደ ጎን አድርገው የዘረፋ ፊልም አደረጉት። ሪዮ ላይ ካዝናውን በሁለት መኪና እየጎተቱ ከተማውን ሲያምሱት! ሥራው ይቀየራል፣ ማዕዱ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ግን ያው ናቸው። ሰባተኛው እየተቀረጸ ሳለ ከዋናዎቹ አክተሮች አንዱ ፖል ዎከር በእውን ሞተ። ቀረጻው ገና ስላላለቀ ወንድሞቹ በሱ ቦታ ቆመው በኮምፒውተር ፊቱን አድርገው ጨረሱት። የመጨረሻዋን መንገድ ላይ የሚለያዩባትን ሲን ካነሣሁ አለቅሳለሁ፣ ልለፋት።

ስህተታቸውንም ልንገርህ። በ2021 ዘጠነኛው ላይ ሃንን «አልሞትኩም ነበር» አሰኝተው መለሱት። ደጋፊው ጠይቆ ነው አሉ። ወንድሞቼ ጨፈሩ። እኔ ግን ያ ሁሉ መሳሳቴ በከንቱ ሆነብኝ።

እንግዲህ የሞተውን ተወው፣ ይተኛ። ከመሞቱ በፊት ያለውን አምጣ።


ቃል አቀባዩ፦

ሰላዩን ቦንድን ማን ያንሣው? ከ1962 ጀምሮ 25 ፊልም፣ ስድስት አክተር። በ2021 እንኳ ገድለውት (ያላያችሁ ይቅርታ) ስሙ ሁሉ ተጽፎ ሲያልቅ «ጄምስ ቦንድ ይመለሳል» ይላል። ምንም ማብራሪያ የለም። ይመለሳል፣ አለቀ። እናንተም እንደዚያ ጻፉና ዝም በሉ።


ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ፊልማችሁን አይቻለሁ። ሦስተኛው እሁድ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ድምፁ አልፎ አልፎ ይቆራረጣል እንጂ ጥሩ ነው።

ልጅቱ ያለችው ትክክል ነው። እኔ ግን የማውቀው የኛን ዘመን ፊልም ነው። ጎድፋዘር አንደኛው ላይ የማፊያው አለቃ ሽማግሌው ቪቶ ይሞታል። ማርሎን ብራንዶ ነው የሠራው። በ1974 ሁለተኛው ሲመጣ ቪቶ ገና ጎረምሳ ሆኖ መጣ፤ ያን ጊዜ ሮበርት ዲ ኒሮ ሆነ። በአንድ በኩል የልጁን የኋላ ኋላ ኑሮ፣ በሌላ በኩል የአባትየውን አነሣስ እያፈራረቀ ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ሰው ታሪክ እያንዳንዳቸው ኦስካር አግኝተዋል። ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ስለዚህ ክፍል ሁለት ሁሉ ቅራሪ ነው ያልከው አንተ መንዜው፣ እዚህ ላይ ተሸነፍ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ዘበኛችሁ አራት ጊዜ «ያን ለታ ሌሊት ወንዙን ስንሻገር…» ብሎ ይጀምራል። ቆጥሬዋለሁ። አንዴ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ ያቋርጠዋል። አንዴ ዝናብ። አንዴ አረቄ የጠጣ ሰው መጥቶ ይጣላዋል። አራተኛው ላይ ራሱ ዝም ይላል፤ ልጁም ይሄዳል። ሲነጋ ሰውየው ሞቷል። እኔ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን «ተሻገሩ ይሆን?» አልኳት። እሷ አላየችውም፣ «እነማን?» አለችኝ።

አንድ የሕንድ ፊልም ነበረ፤ የልጅ ልጆቼ አሳይተውኝ። ባሁባሊ። አባትየው ጀግናው በአንደኛው መጨረሻ በገዛ ታማኙ በካታፓ እጅ ተወግቶ ሲወድቅ ያሳዩና ያቆሙታል። ካታፓ ለምን ገደለው? ሕንድ በሙሉ ሁለት ዓመት ያህል፣ ከ2015 እስከ 2017፣ ይህንኑ ሲጠይቅ ቆየ። እዚያም ሰውየው ሞቷል። ማንም ይነሣ አላለም። ለምን የሚለውን ነው የፈለጉት።

ጫማህን የሚጠርግልህ ሊስትሮ ልጅ የጠየቀህ ሰውየው እንዲነሣ አይመስለኝም። ወንዙን ጠይቀው።


የደብረ ሲናው፦

መምህር (መምህር ይመስሉኛል፣ ካልሆኑ ይቅርታ)፣ አሁን እውነቱን ልናገር። አፍሬያለሁ።

ወንዙ ላይ ምን እንደሆነ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አልጻፍነውም። ያ ሲን ሦስት ገጽ ይሆናል ተብሎ ነበር። የካሜራው ልጅ ግን ሐሙስ ዕለት ሰርግ መጣብኝ ብሎ ሊሄድ ሆነ። «በቃ፣ ዝናብ ያቋርጠውና እናልፈዋለን» አልን። ጥሩምባውማ ታስቦበትም አይደለም። እየቀረጽን በዚያ ሲያልፍ የነፋ አይሱዙ ነው። አክተሩ ደንግጦ ዝም አለ፣ እኛም ተውነው። እርስዎ ቆጠሩት፣ ሰዉም ምስጢር አደረገው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የሚጠይቁኝ ስለ ሞቱ መስሎኝ!

ትናንት ሊስትሮው ጋ ሄጄ ጠየቅሁት። ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ብቻውን ነው የተሻገረው» አለኝ። «ጓዶቹስ?» አልኩት። «እሱማ ቢያውቅ ይጨርሰው ነበር።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከአምስታችን ማናችንም እንደዚያ አስበን አናውቅም። ውሸት የሚያበዛው ያቺን አንዷን እውነት ላለማውራት ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ እኮ አንደኛውም ፊልም ሌላ ይሆናል። ያ ሁሉ ሲያስቅ የነበረው ቀደዳ እንደገና ቢታይ አያስቅም። እንደኔ መጀመሪያ ሁለተኛውን ያየ ሰው ደግሞ አንደኛው ላይ ገና ከመጀመሪያው ነው የሚያለቅሰው።

ለማንኛውም ማታ አክተሩን አገኘሁት። በሥራው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ወጣትነቱን ሌላ ልጅ እንዲሠራው እንደምናስብ በትሕትና ነገርኩት። የዲ ኒሮንም ታሪክ ጨመርኩለት። የስፌት መኪናውን አቁሞ በመነጽሩ ላይ አየኝ።

«ለምን ሲባል? ጢሜን እላጨዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ልጅ ነው እኮ…»

«ሌሊት ነው አይደል? በሌሊት ማን ያየኛል?»

ዝም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰ። «ባለፈው ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ውርጭ ሲሚንቶ ላይ አስተኝታችሁ ገደላችሁኝ። ያውም ሦስት ጊዜ፣ አልበራም፣ ተንቀሳቀስክ እያላችሁ። ወገቤ እስካሁን አልዳነም። አሁን ደግሞ ወንዝ ልታስገቡኝ ነው። የምገባ ከሆነ ሮቢት ነው። በበሬሳ ወንዝ እምላለሁ፣ ከጣርማበር ወዲህ ባለው ደጋ ውኃ አልነካም።»

የሮቢቷ፣ እናንተ ጋ ወንዙ በየትኛው ወር ነው ለመሻገር የሚያሰጋ ግን ሰው የማይወስድ? የካሜራው ልጅ ዋና አይችልም።