የኮይ ዓሣ ኩሬዬ ውኃ አልጠራ አለ

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ 4,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ የኮይ (ባለቀለም ጌጠኛ ዓሣ) ኩሬ ካዘጋጀን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ማጣሪያው ሌት ተቀን ቢሠራም ውኃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆኗል፤ ሁለቱ ዓሦችም ከፏፏቴው ሥር ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በየሁለት ቀኑ በቧንቧ ውኃ አጥባለሁ። ስህተቴ ምን ይሆን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ስህተቱ እጥበቱ ላይ ይመስለኛል። ዓሦቹ የሚያስወጡትን መርዛማ ቆሻሻ፣ አሞኒያን፣ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት በስፖንጁ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን እነዚህኑ ይገድላቸዋል። ስፖንጁን ከኩሬው በተቀዳ ውኃ ባልዲ ውስጥ ለቅለቅ ማድረግ በቂ ነው፤ ያም ፍሰቱ ሲዳከም ብቻ። አዲስ ማጣሪያ ሥራውን እስኪለምድ ሳምንታት ስለሚፈጅበት፣ እስከዚያው ምግብ ይቀንሱ፤ አሞኒያንና ናይትራይትንም በየቀኑ ይለኩ።

መልስ 2፦ እባክዎ ዛሬውኑ የአየር ፓምፕ ያስገቡ፤ ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋልና። ከውኃው ሩቡን ሲቀይሩም ክሎሪን ማርከሻ አይርሱ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ)፣ እንደ ክሎሪን በባልዲ ስላሳደሩት ብቻ አይለቅም።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ ናይትራይቱ ከፍ ብሏል። አረንጓዴውስ?

መልስ 1፦ እርሱ ስፖንጅ የማይዘው ደቃቅ አልጌ (በውኃ ውስጥ የሚበቅል እንደ ተክል ያለ ነገር) ነው። ጥላና የአልትራቫዮሌት መብራት ያጠሩታል፤ ነገር ግን መብራቱ አሞኒያን ስለማያስወግድ ቅድሚያ ለማጣሪያው ይስጡ።