በጋላፓጎስ ትንሿን መርከብ ልምረጥ ወይስ ትልቋን?

እናቴን ይዤ በኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል በመርከብ ለመጓዝ አስቤ ምርጫው ላይ ተቸግሬያለሁ፤ በዚያ የተጓዛችሁ እባካችሁ አማክሩኝ።

በደሴቶቹ የሚፈቀደው ትልቁ መርከብ 100 መንገደኛ የሚይዝ ነው። እኔን የሳበኝ ግን 16 ሰው ብቻ የሚጭነው ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች ማለትም ሁለት የመርከብ አካላት ያሉት) ነው፤ ሁሉም በአንድ አስጎብኚ አብረው ስለሚወርዱ ግፊያ የለም፣ እናቴም በእርጋታ መራመድ ትችላለች። ችግሩ፣ ባሕር ላይ ክፉኛ ያጥወለውላታል። ዕረፍት የማገኘው ደግሞ በነሐሴ ብቻ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር የደቡብ ምሥራቅ ነፋስና ሃምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ፍሰት ስለሚበረቱ ባሕሩ ይናወጣል፤ የሚረጋጋው ከታኅሣሥ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ የምትጓጓው እግራቸው ቀይ የሆኑትን የባሕር ወፎች በሄኖቬሳ ደሴት ለማየት ነው። ሄኖቬሳ ከሌሎቹ ተነጥላ በሰሜን ስለምትገኝ መርከቦች ሌሊቱን ሙሉ በገላጣ ባሕር ይጓዛሉ። ያን ሌሊት ሳስብ ለእርሷ እፈራለሁ፤ ሄኖቬሳን ሰርዤ ቅር ላሰኛትም አልፈልግም።

በነሐሴ ይህን መንገድ የሄደ አለ? የካታማራኑ ሁለት ቀፎ በእርግጥ መናወጡን ይቀንሳል ወይስ ትልቁ መርከብ ይሻላታል? መኝታ ክፍሏስ ታችኛው ፎቅ መሃል ላይ ቢሆን ለውጥ ያመጣል?