በሊስበርግ ፍርድ ቤት ዙሪያ ምን እንጎብኝ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጡት ዳኛ አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አሌክሳንድሪያ እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። «ዋሽንግተን ይበቃኛል፤ እስቲ ትንሽ ከተማ አሳዪኝ» ስላሉኝ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ወዳለችው ሊስበርግ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድ አይችሉም። በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ምን ብናይ ይሻላል?

የስተርሊንግ ነዋሪ፦ እንኳን ደህና መጡ በሉልኝ። ፍርድ ቤቱ ኪንግና ማርኬት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የቆመ፣ ነጭ ዓምዶች ያሉት ቀይ የጡብ ሕንፃ ነው። የአሁኑ ሕንፃ የተሠራው በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በዚያው ስፍራ በነበረው የቀድሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ በኦገስት 1776 የአሜሪካ የነፃነት ዐዋጅ ለሕዝብ ተነቧል። በ1908 ግቢው ውስጥ የቆመው የደቡቦች (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜን ጋር የተዋጉት ክፍለ ግዛቶች) ወታደር ሐውልት በ2020 ስለተነሣ፣ የድሮ ፎቶግራፍ አይታችሁ አትፈልጉት።

የሕግ ባለሙያ፦ ለአባትዎ ከሁሉ የሚበልጠው የ1933ቱ የጆርጅ ክሮፎርድ ችሎት ይመስለኛል። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ይመሩ የነበሩት ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን፣ በግድያ የተከሰሰውን ጥቁር አሜሪካዊ ጥቁር ጠበቆችን ብቻ ይዘው የተከራከሩለት በዚህ ፍርድ ቤት ነው። ጥቁሮች ከጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በችሎት ከሚቀመጡ ዜጎች ሸንጎ፣ እንዲገለሉ መደረጉን አጥብቀው ተቃውመዋል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባልም፣ የሞት ቅጣት በሚጠበቅበት በዚያ ዘመን ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ቀደም ሲልም በ1840 ሊዮናርድ ግራይምስ የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው፣ ባሪያዎችን አስመልጧል ተብሎ በዚሁ ከተማ ተፈርዶበታል። አባትዎ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አስቀድመው ቢያነቡ፣ ግቢውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

አሽከርካሪ፦ መኪናዎን ሎደን ጎዳና ላይ ባለው የከተማው ማቆሚያ ሕንፃ ያቁሙ፤ የሎደን ሙዚየም እዚያው አጠገብ ነው፣ ፍርድ ቤቱም ሩቅ አይደለም። የእግረኛው መንገድ አንዳንድ ቦታ ጡብ ስለሆነና ወጣ ገባ ስለሚል ከዘራ ይያዙ። ከዚያ በመኪና የጄኔራል ጆርጅ ማርሻልን መኖሪያ ቤት ይዩ፤ የ1953 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ባለ «ማርሻል ፕላኑ» (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓን መልሶ ለመገንባት የተሰጠው የአሜሪካ እርዳታ) ናቸው። የመክፈቻውን ቀንና ሰዓት ግን ቀድመው ይደውሉና ይጠይቁ። የ1861ዱ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ የተካሄደበት የቦልስ ብለፍ የጦር ሜዳ በጫካ ውስጥ በእግር የሚታይ ስለሆነ ለአባትዎ ይቅርባቸው።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የክሮፎርድን ጉዳይ ዛሬ ማታ አነብላቸዋለሁ፤ ጦር ሜዳውን ትተነዋል።