«ዕጩ ጄኔራል» ይባላል እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ዜና ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ነገሩ የአሜሪካ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ የአንድ ሌተናል ጄኔራል ስም ለሙሉ ጄኔራልነት ለሴኔት ይልካል፣ ሴኔቱ እሺ ካላለ አራተኛዋ ኮከብ የለችም። እኔ «ዕጩ ጄኔራሉ በሴኔቱ እስኪጸድቁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሻይ ቤት ለጓደኛዬ ሳነብለት «ሰውየው ሙሽራ ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበል? ደሞ የሚጸድቀው ሰውየው ነው ሹመቱ?

ሸዋ በር፦ አቦ ሐረር መጥተህ ሦስት ኮከብ ያለውን ሰው ዕጩ እንዳትል! እኛ ጋ ዕጩ ማለት ዕጩ መኮንን ነው፣ ጦር አካዳሚ ገብቶ ገና ምክትል መቶ አለቃ እንኳ ያልሆነ ልጅ። አባቴ በህንዶቹ አስተማሪዎች ጊዜ ነው የተመረቀው፣ ስለዚህ በዚህ ቃል አትከራከሩኝ።

ድጓ ያቋረጠው፦ መጀመሪያ ፊደሉን አስተካክሉ። ዐይኑን «ዕ» ከየት አመጣችሁት? ግዕዙ ሐፀየ ነው፣ ትግርኛው እስከ ዛሬ ሕጹይ ይላል። የወደቀችው ሐመሩ ሐ ናት፣ ስለዚህ በአልፋው «እጩ»።

ሳቢያን፦ የኔታ ተነሱ ሃሃሃ። ታዲያ ሉቃስ ላይ እመቤታችን ለዮሴፍ ስትታጭ ግዕዙ ለምን ፈኀረ ይላል?

ድጓ ያቋረጠው፦ ላንድ ነገር ሁለት ቃል አይኖርም ያለህ ማነው? ቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጠ ሁሉ ጥቅስ ይወረውራል።

የለገሀር ጡረተኛ፦ ልጆች ረጋ በሉ። እኛ አገር ጄኔራል በፓርላማ ድምፅ አያልፍም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ላይ እዩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛውን የውትድርና ማዕረግ ይሰጣል። ምክር ቤቱ ሹመታቸውን የሚያጸድቀው ሚኒስትሮቹን ነው፣ የመከላከያውም ቢሆን ሲቪል መሆን አለበት። ስለዚህ ጄኔራል ታጭቶ ሕዝብ ፊት የሚጠብቅበት ጊዜ የለም፣ እኛ ስንሰማ ማዕረጉ ትከሻው ላይ ነው። ጆሯችን ያልለመደው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ ጋ ደሞ ከሦስት ኮከብ ጀምሮ ማዕረጉ ከቦታው ጋር የተሰፋ ነው፣ ሹመትና ማዕረግ እንደኛ ለየብቻ አይሄዱም።

ሸዋ በር፦ እውነት ብለዋል ጋሼ፣ ግን እዛማ ታጭቶ መቅረትም አለ! ቱበርቪል የሚባለው የአላባማ ሴናተር መከላከያው ፅንስ ለማቋረጥ ለሚጓዙ ወታደሮች ወጪ ይሸፍናል ብሎ ተቆጥቶ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ሹመቱን ሁሉ ያዘው። ዝርዝሩ ባንዴ የሚያልፈው ማንም ካልተቃወመ ነው፣ አንድ ሰው እምቢ ካለ በየተራ ድምፅ መስጠት ነው። ኅዳር 2016 ሲለቅ ከ400 በላይ መኮንኖች ቆመው ነበር። የማሪኑ፣ የባሕር እግረኛው ጦር፣ አዛዥ ሐምሌ 2015 ላይ ጡረታ ሲወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ታይቶ በማያውቅ ሁኔታ ቦታው በተጠባባቂ ተያዘ። ቀለበት ታስሮ ሰርግ የለም።

የከዚራ ልጅ፦ እና አሁን ዕጩ ልበል? አንተው ነህኮ አትበል ያልከኝ።

ሳቢያን፦ እኔ የገረመኝ መጽደቁ ነው፣ ችግኝ ይጸድቃል፣ መነኩሴ ይጸድቃል፣ አሁን ደሞ ታንከኛ።

ጀጎል፦ ቆይ እጨጌስ፣ የደብረ ሊባኖሱ አለቃ? ከእጩ የወጣ ነው፣ ለደብረ ሊባኖስ የታጨ።

ድጓ ያቋረጠው፦ ኧረ በሕግ! እጨጌ የሚባለው ተሹሞ ነው፣ የታጨውማ ገና ተራ መነኩሴ ነው። «ጌ»ዋንስ የት ታደርጋታለህ?

ጀጎል፦ ጌ በሐረሪ ከተማ ነው። የከተማው እጩ። አለቀ።

ድጓ ያቋረጠው፦ ደብረ ሊባኖስን ከጀጎል ማን አጋባው?! ማታ መዝገበ ቃላቱን ገጹን ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሃለሁ።

ጀጎል፦ ለጥፍ፣ እኔም አያቴን ጠይቄ እመጣለሁ።