የሁለት ዓመቱ የኪራይ ውል ተከራይን ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

ተከራይ ከሰሚት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ አንድ ሰው «የኪራይ አዋጁ ተከራይ እጠቅማለሁ ብሎ የሚከራይ ቤት አጠፋ» ብሎ ጽፎ ነበር። በጭራሽ አልስማማም። አዋጅ 1320/2016 ከመውጣቱ በፊት በሦስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። ምክንያቱ ሁሌ አንድ ነው፤ ጨምሪ ወይ ልቀቂ። አሁን ግን ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም መንግሥት ሰኔ 30 በሚያሳውቀው ልክ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ሳይቀይር ዓመቱን ጨረሰ።

አከራይ ከኮተቤ፦ ልጄ፣ እሰየው። ግን እኛንም ስሙን። ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያኖሩኝ ግቢዬ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው። በ2016 ሐምሌ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ ሲሚንቶውም ጨመረ። ባለሱቁን እስከ ሰኔ 30 ጠብቅ ያለው የለም። እኔን ብቻ ለምን?

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ባለሱቁ ዘይት ሲያስወድድብኝ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ። ቤት ሲጨመርብኝ ግን አልጋ፣ ፍሪጅና ልጅ ይዤ ነው የምወጣው። ደግሞም ተከራይ ኪራይ ካልከፈለ ወይም ቤቱን ካበላሸ ሁለት ዓመት ይታገሱት የሚል ሕግ የለም፤ ውሉ ይቋረጣል። ተከራይቶ የማያውቅ አዲስ ቤት ከሆነም የመጀመሪያውን ዋጋ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ተከራይ ከጀሞ፦ ስለ ወረቀቱ ብቻ ባታወሩ። የእኔ ውል 8 ሺህ ይላል። የምከፍለው 13 ሺህ ነው። ስምንቱ በባንክ ይገባል፣ አምስቱ በእጅ። ደላላው «ካልተስማማህ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ፣ እኔም የሁለት ወር ልጅ ይዤ የት ልሂድ፣ ፈረምኩ። አሁን ወረዳ ሄጄ ልክሰስ ብል የራሴ ፊርማ ነው የሚመሰክርብኝ። በእጅ ለሰጠሁት ደረሰኝ የለኝም። በዚያ ብር ላይ ጭማሪ ሲመጣ ሰኔ 30 የሚባል ነገር አያውቀውም። አዋጁ ለእኔ የደረሰው እስከ ስምንት ሺዋ ድረስ ነው።

ተከራይ ከሰሚት፦ ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአዋጁ ጥፋት አይደለም። ያጭበረበረህ አከራዩ ነው።

አንድ አዛውንት፦ እኔ የ1967ቱን አስታውሳለሁ። በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ተወርሶ ኪራይ ሲቀነስ ስንቱ እፎይ አለ። እናቴም አንዷ ነበረች። ግን የቀበሌ ቤት ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ የሚያስቀይር አልነበረም፤ ጣሪያው ሲያፈስ ጆንያ ደርበንበት ኖርን። ኪራይ መቆጣጠር ብቻውን ቤት አይሠራም። ቤት ይሠራ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እንነጋገር።

ተከራይ ከሰሚት፦ አባቴ፣ አክብሬ ነው የምቃወምዎት። ቤቱ እስኪሠራ እኛ የት እንደር? የቀበሌዋ ቤት ብታፈስም እናትዎን ማንም ውጪ አላላቸውም።

አዛውንቱ፦ እሱስ እውነት ነው።

አከራይ ከኮተቤ፦ ስለ ሁለት ዋጋ ሳይነሳ እንዳያልፍ። ውሉ ላይ ዝቅ ተደርጎ የሚጻፈው የኪራይ ገቢ ግብሩ እንዲያንስ ነው፤ አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼም ያደርጉታል። እኔ ሦስቱንም ውል በእውነተኛው ዋጋ ነው ያስመዘገብኩት፣ ግብሩም ይጎዳኛል። ስለዚህ ሁላችንን በአንድ ዓይን አትዩን። ወረዳው ውል ሲመዘግብ አከራይና ተከራይን ለየብቻ አስቀምጦ ተከራዩን «በእጅ የምትከፍለው አለ ወይ» ብሎ ቢጠይቅ፣ እውነቱን የተናገረ ተከራይም ከቤቱ እንዳይወጣ ዋስትና ቢሰጠው፣ ግማሹ ችግር ይቀል ነበር።

ተከራይ ከጀሞ፦ ጋሼ፣ ያንን ዋስትና የሚሰጠኝ ካለ ነገ ጠዋት ወረዳ እሄዳለሁ።